የቤት ኪራይ ውልና የሙስሊሙ ቃል

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና የእነርሱን ፈለግ በተከተሉት ሁሉ ላይ ይሁን።

 

ስለ ዲን በተነሳ ቁጥር የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሰላት፣ ወደ ጾም፣ ወደ ዘካና ወደ ሐጅ ይሄዳል። መሄዱም ትክክል ነው፤ እነዚህ የዲናችን ምሰሶዎች ናቸውና። ነገር ግን ምሰሶ ብቻውን ቤት አይሆንም። ከመስጊድ ወጥተን ጫማችንን ካጠለቅን በኋላ ከሰው ጋር የምንገዛው፣ የምንሸጠው፣ የምንቀጥረውና የምንከራየው ነገር ሁሉ ዲን ነው። ሙዓመላት በሚለው የፊቅህ ክፍል ዑለማዎቻችን ብዙ ጥራዝ የጻፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በዚህ አምድ የማነሳው ከዚሁ ክፍል አንዱን፣ በየግቢያችን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀንን የቤት ኪራይ ውል ነው።

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ላምበረትን እንውሰድ። የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መናኸሪያ ያለባት ሰፈር ናት። ከወሎና ከሰሜን ሸዋ የሚመጣው መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ይወርድባታል። ከሚወርዱት መካከል ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ አለ፤ ሊታከም የመጣ አለ፤ ሊኖር የመጣም አለ። ሊኖር የመጣው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ሰው ደላላ ነው። ከደላላው ኋላ እየተከተለ የየግቢውን በር ያንኳኳል፤ አንዲት ክፍል ሰርቪስ ቤት ያያል፤ ዋጋ ይጠየቃል፤ አንገቱን ደፍቶ እሺ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ግን በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። አላህ የሚመሰክርበት ዓቅድ ነው።

ውል ምንድን ነው?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ምእመናንን በእምነታቸው ስም ጠርቶ ያዘዛቸው ውሎቻቸውን እንዲሞሉ ነው። በሱረቱል ኢስራእ 34ኛው አንቀጽ ደግሞ ቃል ኪዳን በትንሣኤ ቀን የሚጠየቁበት ነገር መሆኑን አስታውቋል። ልብ እንበል! አንቀጾቹ የታላላቅ መንግሥታትን ስምምነት ብቻ ለይተው አልጠሩም። በሁለት ነጋዴዎች፣ በአሠሪና ሠራተኛ፣ በአከራይና ተከራይ መካከል ያለው ቃል ሁሉ በትእዛዙ ውስጥ ይገባል።

የኪራይ ውልን ምሳሌ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በሱረቱል ቀሰስ የተተረከውን የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። ከፊርዓውን ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ቤት የሌላቸው፣ ወገን የሌላቸው እንግዳ ነበሩ። እዚያ ያገኙት ደግ ሽማግሌ ከሁለቱ ልጆቻቸው አንዷን ሊድሩላቸው ፈለጉ፤ በምትኩ ስምንት ዓመት እንዲያገለግሏቸው ጠየቁ። አሥር ቢሞሉ ከራሳቸው በጎ ፈቃድ እንደሚሆን ገለጹላቸው፤ ሊያስቸግሯቸው እንደማይፈልጉም አረጋገጡላቸው። ሙሳም (ዐ.ሰ) ከሁለቱ ጊዜያት የትኛውንም ቢፈጽሙ በደል እንደማይደርስባቸው ቃል አስገብተው በተነጋገሩት ላይ አላህን ምስክር አደረጉ።

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ስንት ነገር አለ! አንደኛ፣ ጊዜው የታወቀ ነው፤ “እስከፈለግሁ ድረስ” አልተባለም። ሁለተኛ፣ የሚሰጠውና የሚወሰደው የታወቀ ነው። ሦስተኛ፣ ግዴታው ከውዴታው ተለይቷል፤ ስምንቱ ግዴታ፣ ሁለቱ ስጦታ። አራተኛ፣ አቅም ያለው ወገን አቅም የሌለውን እንደማያስጨንቅ በግልጽ ተናግሯል። አምስተኛ፣ ምስክሩ አላህ ነው። ሽማግሌው የአገሩ ሰው፣ የግቢው ጌታ ነበሩ። ሙሳ ግን ያን ጊዜ ሌሊቱን የት እንደሚያሳልፉ የማያውቁ ስደተኛ ነበሩ። ይህን የስደተኛውን ችግር ዋጋ መጨመሪያ አላደረጉትም። ዛሬ ከመናኸሪያው ወርዶ በራችንን የሚያንኳኳው ሰው ያለበት ሁኔታ ከዚህ ምን ያህል ይለያል?

“በመሐላችን መተማመን አለ”

ብዙዎቻችን ጽሑፍ ስንጠየቅ ቅር ይለናል። “እኛ ወንድማማቾች ነን፤ አንድ መስጊድ የምንሰግድ ሰዎች ወረቀት ምን ያደርግልናል?” እንላለን። ንግግሩ ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ የወረደው እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ዕዳ እንዲጻፍ ለማዘዝ ነው። ዕዳው ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሮች ሲጠሩ እንቢ እንዳይሉ፣ ጸሐፊውም ምስክሩም እንዳይጎዳ ያዛል። ይህ ትእዛዝ መጀመሪያ የተነገረው ለማን ነበር? ለሶሐባዎች ነው! በመተማመን ማን ይበልጣቸዋል? ጽሑፍ ያስፈለገው መተማመን ስለጠፋ አይደለም፤ ያለው መተማመን እንዳይጠፋ ነው። የአገራችን ሰውም በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላል።

በወር የሚከፈል ኪራይ ጊዜው የተወሰነ ዕዳ ነው። በቃል የተነገረው ሁሉ ከስድስት ወር በኋላ በሁለት ሰዎች ጆሮ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሰማል። አከራዩ “መብራቱን ለብቻህ ነው ያልኩህ” ይላል። ተከራዩ “መብራትና ውሃ ጨምሮ ነው የተስማማነው” ይላል። ሁለቱም ውሸታም ላይሆኑ ይችላሉ። ግን ሁለቱም ይማማላሉ፤ ከዚያ ይኮራረፋሉ፤ ከዚያ በአንድ ሰፍ ጎን ለጎን ቆመው ሰላምታ ይነፋፈጋሉ። አንድ ገጽ ወረቀት ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

የአገሩ ሕግ ምን ይላል?

በአገራችን የቤት ኪራይ ብዙ ጊዜ የተገላበጠ ጉዳይ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2945 ጀምሮ ስለ ቤት ኪራይ ለብቻው ደንግጓል። በቁጥር 1731 ደግሞ በሕግ መሠረት የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና አስቀምጧል። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ አከራይና ተከራይ የሚባለው ግንኙነት በሕግ ፊት ተሰረዘ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከፍ ያሉት በኪራይ ቤቶች ይተዳደሩ ጀመር። ከ1983 በኋላ የግል ኪራይ እንደገና ሲስፋፋ ግን አብዛኛው ስምምነት በቃልና በደላላ ነበር። በ2012 በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ተከራይ ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከለከለ። በ2014 ደግሞ የአዲስ አበባ አስተዳደር ለተወሰነ ጊዜ ኪራይ መጨመርን ከልክሎ ነበር። እነዚህ ሁሉ ጊዜያዊ ነበሩ።

መጋቢት 24 ቀን 2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። ዋና ዋና ነጥቦቹን ሁላችንም ልናውቃቸው ይገባል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሉ በ30 ቀናት ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ቀርቦ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን በመርህ ደረጃ ከሁለት ዓመት አያንስም። የሚጠየቀው ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይፈጸማል። ኪራይ መጨመር የሚቻለውም አከራዩ በፈለገበት ቀንና መጠን ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያሳውቀው መሠረት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተሰጣቸው ሥልጣን እንደ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስ፣ ስጦታና ወቅፍ ባሉ ጉዳዮች ላይ ነው። የኪራይ ክርክር በዚያ አይታይም። ስለዚህ “በእኛ ቃዲ እንጨርሰዋለን” ብሎ ያልተጻፈ ውል ይዞ መተማመን በኋላ ሁለቱንም ሜዳ ላይ ያስቀራል።

የሚጸናና የማይጸና መስፈርት

ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። በወረቀት የሰፈረና የተፈረመበት ነገር ሁሉ ይጸናልን? በዲናችን መልሱ አይደለም የሚል ነው።

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊሞች በገቡት መስፈርት ላይ የሚጸኑ መሆናቸውን ተናግረዋል። በቲርሚዚ ዘገባ ሐላልን የሚከለክል ወይም ሐራምን የሚፈቅድ መስፈርት ከዚህ ተለይቷል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የበሪራ ታሪክ ደግሞ የዚህች ሴት አሳዳሪዎች ዓኢሻ (ረ.ዐ) ገዝታ ነጻ ልታወጣት ስትል የማይገባቸውን መብት ለራሳቸው መስፈርት አድርገው ያዙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሕዝቡ ተነስተው በአላህ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ መስፈርት መቶ ጊዜ እንኳ ቢደረደር ከንቱ መሆኑን አወጁ። መፈረም ዙልምን ሐላል አያደርገውም ማለት ነው።

ይህን ሚዛን ይዘን በየሰፈሩ የሚፈረሙትን ወረቀቶች እንመልከት።

“አከራይ በማንኛውም ጊዜ የሚጨምረውን ኪራይ ተከራይ ያለ ተቃውሞ ይከፍላል” የሚል አለ። ፉቀሃዎች ኢጃራ እንዲጸና ዋጋውና ጊዜው የታወቀ መሆን እንዳለበት ይናገራሉ። ይህ ዋጋ ግን አይታወቅም። በእንዲህ ዓይነቱ ቃል የገባ ሰው ነገ ምን እንደሚጠየቅ የማያውቅበት ገረር ውስጥ ገብቷል። የአገሩም ሕግ ከልክሎታል።

“አከራይ ባዘዘ በ24 ሰዓት ውስጥ ቤቱን ይለቃል” የሚልም አለ። ጊዜው ታውቆ የተዋዋሉትን ውል አንዱ ወገን ብቻውን ሲያሻው የሚያፈርሰው ከሆነ ሌላው ወገን ምን ይዞ ቀረ? “ወይ ጨምር ወይ ልቀቅ” የሚለው ንግግር በከተማችን ስንት ቤተሰብ አፈናቀለ! ልጆች በትምህርት ዓመት አጋማሽ ከትምህርት ቤት ተነቅለዋል፤ አራስ ሴት ከነጨቅላዋ ጓዟን ጭና ሄዳለች።

“አከራይ ቤቱን በፈለገ ጊዜ ገብቶ ማየት ይችላል” የሚለውንም እንይ። የሱረቱ ኑር 27ኛው አንቀጽ ከራሳችን ሌላ ወደሆኑ ቤቶች ሳናስፈቅድና ለነዋሪዎቹ ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ ይከለክላል። የተከራየ ሰው በውሉ ዘመን የቤቱ ነዋሪ ነው። ግድግዳው የአንተ ነው፤ መጋረጃው ግን የእርሱ ነው። ቁልፍ በእጅ መኖሩ ፈቃድ አይሆንም።

በአንጻሩ የሚጸኑ፣ ሊጻፉም የሚገቡ መስፈርቶች አሉ። በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ቤቱ ለንግድ ወይም ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ፣ የመብራት ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሒሳቡ እንዴት እንደሚከፈል፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚቀዳ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን፣ የጣሪያ ማፍሰስን ማን እንደሚያስጠግን፣ ተከራዩ ያበላሸውን ማን እንደሚሠራ፣ ሲለቅ ቤቱን በምን ሁኔታ እንደሚያስረክብ። ለመኖር የሚያበቃው የቤቱ ዋና እድሳት የባለቤቱ፣ ተከራዩ ባጠፋው የደረሰ ጉዳት የተከራዩ መሆኑ ከፊቅህም ከልቦናም ጋር ይስማማል።

ለሙስሊሙ ተከራይ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር ልጨምር። በብዙ ግቢ የውጭ በር ማታ ይቆለፋል፤ እስኪነጋ አይከፈትም። ሱብሂን በጀመዓ ሊሰግድ የሚፈልግ ሰው፣ በረመዷን ከተራዊህ አምሽቶ የሚመለስ ሰው የበሩን ቁልፍ ጉዳይ ቀድሞ መናገርና ማስጻፍ አለበት። ቁልፍ ይዞ በር በዝግታ የሚከፍትበት መስፈርት በአንድ መስመር ይጻፋል። ሳይነጋገሩ ገብቶ በየሌሊቱ ባለቤቱን ከእንቅልፍ መቀስቀስ ግን ጎረቤትን ማስቸገር ነው፤ ጎረቤትን ማስቸገር ደግሞ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል።

ሁለት ወረቀት፣ አንድ ውሸት

አሁን የጽሑፌ ሁሉ ምክንያት ወደሆነው ነገር ደረስኩ። አዋጁ ከወጣ ወዲህ በከተማችን አንድ አዲስ ልማድ ሲነገር እንሰማለን። አከራይና ተከራይ ሁለት ውል ይፈርማሉ። አንዱ “የወረዳ” ይባላል፤ ኪራዩ ዝቅ ብሎ ይጻፍበታል። ሁለተኛው “የእኛ” ይባላል፤ እውነተኛው ዋጋ በእርሱ ላይ ወይም በቃል ይቀራል። ልዩነቱ በየወሩ በእጅ ይሰጣል። ምክንያቱ አንዳንዴ ግብር ነው፤ አንዳንዴ የጭማሪውን ገደብ ለመሸሽ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ “ይህ እኮ የመንግሥት ጣጣ ነው፤ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?” መባሉ ነው።

ወንድሜ ሆይ! ከዲን ጋርማ በሚገባ ይገናኛል። በወረዳው ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጠው ወረቀት ንግግር ነው። ቁጥሩ ሐሰት ከሆነ ንግግሩ ሐሰት ነው። ሁለት ምስክሮች ሐሰት መሆኑን እያወቁ ከፈረሙበት የሐሰት ምስክርነት ነው። አላህ በሱረቱል ሐጅ 30ኛው አንቀጽ ከጣዖት እርኩሰት መራቅን ባዘዘበት አንቀጽ ከሐሰት ንግግርም መራቅን አዟል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከታላላቅ ኃጢአቶች መካከል የሐሰት ምስክርነትን ሲጠቅሱ ተደግፈው ከነበሩበት ተነስተው በመቀመጥ ደጋግመው እንዳስጠነቀቁ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ከሱብሂ ሰላት በኋላ የያዝከውን ጓደኛ “ናማ አንዴ ፈርምልኝ” ብለህ ስትወስደው ወዴት እየወሰድከው እንደሆነ አስተውል።

ይህ ወረቀት በዱንያም ቢሆን ማንንም አይጠብቅም። አከራዩ የተደበቀውን ልዩነት ተከራዩ ቢከለክለው ለየትኛው ዳኛ ያሳያል? ተከራዩስ በእጁ የሰጠውን ገንዘብ አልተቀበልኩም ቢባል በምን ያስረዳል? ሁለቱም አንዱ የሌላውን ጉሮሮ ይዞ ይኖራል። የመጀመሪያው ጠብ ሲነሳ አንደኛው “ወረዳ ሄጄ እናገራለሁ” ይላል፤ ሌላው “ነገውኑ ትወጣለህ” ይላል። መተማመን ብለው የጀመሩት ነገር መጨረሻው እርስ በርስ መፈራራት ይሆናል።

“ግብሩ በዛብኝ” የሚል አከራይ ካለ አቤቱታውን በግልጽ ያቅርብ። “የተፈቀደው ጭማሪ ከኑሮው ጋር አይመጣጠንም” የሚል ካለም ይናገር፤ መናገሩ መብቱ ነው። ውሸት መጻፍ ግን መብት አይደለም።

“ዋጋ የሚተምነው አላህ ነው” ለሚሉ

አንዳንድ የተማሩ አከራዮች የሚያነሱት ማስረጃ አለ፤ ልናልፈው አይገባም። በመዲና ዋጋ ሲወደድ ሶሐባዎች ዋጋ እንዲተመንላቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቢጠይቁ እንዳልተመኑ፣ ዋጋን የሚያወጣና የሚያወርድ አላህ መሆኑን እንደገለጹና በማንም ላይ በደል ሳይኖርባቸው ከጌታቸው መገናኘትን እንደሚመኙ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። ሐዲሱ እውነት ነው፤ በዚህ መሠረት ብዙ ዑለማዎች ዋጋ መተመንን ተቃውመዋል።

ሆኖም ኢብኑ ተይሚያ ስለ ሒስባ በጻፉት መጽሐፍ፣ ተማሪያቸው ኢብኑል ቀይምም አጡሩቁል ሑክሚያ በተሰኘው መጽሐፋቸው ትመናን ሁለት ዓይነት አድርገው ለይተውታል። አንዱ ዙልም ነው፤ ሻጮች እንደተለመደው እየሸጡ ዋጋው በዕቃ ማነስ ወይም በሰው መብዛት ሲወደድ ማስገደድ ነው። ሌላው ፍትሕ ነው፤ ሰዎች አንድን ነገር አጥብቀው ሲፈልጉ ባለቤቶቹ ከተገቢው ዋጋ በላይ ካልሆነ አንሰጥም ሲሉ በተገቢው ዋጋ እንዲሰጡ ማድረግ ነው። መጠለያ የሌላቸው ሰዎች የሌላውን ቤት የግድ ሲፈልጉ የሚለውን ጉዳይም ከምሳሌዎቻቸው መካከል አንስተውታል። የዛሬው የከተማችን ሁኔታ ከሁለቱ በየትኛው ሥር እንደሚወድቅ በዝርዝር መበየኑ የዑለማዎች ድርሻ ነው። ከእኔ መሰሉ ጋዜጠኛ የሚጠበቀው ሐዲሱን ግማሹን ብቻ ይዞ መሮጥ እንደማይገባ ማሳሰብ ነው። የሐዲሱን መጨረሻ እናስተውል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያልተመኑት በማንም ላይ በደል እንዳይደርስ ፈርተው ነው። እኛ ይህንኑ ሐዲስ ለበደል መጋረጃ ልናደርገው ነውን?

ደላሎቻችንም ይህን ይስሙ። ሊገዛ ሳይፈልግ ዋጋ ለማስወደድ ብቻ የሚጫረት ሰው የሚሠራው ሥራ ነጅሽ ይባላል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለውታል። የሌለ ተከራይ ፈጥሮ “ሌላ ሰው ከዚህ በላይ ሰጥቷል” እያለ አከራዩን የሚያጓጓ፣ ተከራዩን የሚያስደነግጥ ደላላ የሚቀበለው ኮሚሽን ከየት እንደመጣ ራሱን ይጠይቅ።

ተከራዩስ?

ጽሑፌን እስካሁን ያነበበ ተከራይ ደስ ብሎት ይሆናል። አሁን ተራው የእርሱ ነው።

አከራይ ሁሉ ሀብታም አይደለም። ባሏ የሞተባት፣ ጡረታ የሌላት፣ ከግቢዋ ሁለት ክፍል አከራይታ የምትኖር እናት በየሰፈሩ አለች። ለእርሷ የወሩ ኪራይ ጤፍና ዘይት ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ደመወዙን ተቀብሎ ኪራይዋን የሚያቆይባት ሰው በሕጉ የሁለት ዓመት ዋስትና ተመክቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ በደል መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ በግልጽ ተናግረዋል። በእርግጥ የቸገረው ሰው እስኪሻለው እንዲታገሱት ሱረቱል በቀራህ 280ኛው አንቀጽ ያዛል። ቢሆንም ያልቸገረው ሰው የቸገረውን አንቀጽ አይዋስ።

ለሦስት ሰው ተከራይቶ ዘጠኝ የሚያሳድር፣ አንዱን ክፍል በድብቅ ለሌላ አከራይቶ የሚያተርፍ፣ የመብራት ሒሳብ ሳይከፍል በሌሊት ጓዙን ጭኖ የሚጠፋ፣ ግድግዳውን አፈራርሶ ቁልፍ የሚወረውር ሰው ውል አፍራሽ ነው። አከራዮች “ልጅ ላለው አላከራይም፣ ላጤ አላስገባም” እያሉ በራቸውን የሚዘጉበት አንዱ ምክንያት እርሱ ነው። የእርሱ ጥፋት ከመናኸሪያው ገና ለሚወርደው ሌላ ወንድሙ ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

ውሉ ከሙስሊም ጋር ካልሆነስ? ቃሉ ያው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአቡ በክር (ረ.ዐ) ጋር ከመካ ሲሰደዱ መንገድ መሪ አድርገው የተከራዩት የቁረይሾችን ሃይማኖት የሚከተል ሰው ነበር፤ ቡኻሪ በኢጃራ ምዕራፍ ዘግቦታል። ግመሎቻቸውን አስረክበውት ከሦስት ሌሊት በኋላ በሠውር ዋሻ እንዲገናኛቸው ቀጠሩት። ቁረይሾች ለያዛቸው ሽልማት በሚሰጡበት በዚያ ቀን ሰውየው ቀጠሮውን ጠብቆ መጣ። ሙስሊም ያልሆነ ሰው በኢጃራ ውል ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃሉን ጠበቀ። የእርሳቸው ኡመት የሆነው ሰው ለክርስቲያን አከራዩ ወይም ለክርስቲያን ተከራዩ ቃሉን ቢያጥፍ ምን መልስ ይኖረዋል?

ምን እናድርግ?

በየመስጊዳችን የሚቻል ነገር አለ። ከጀመዓችን መካከል ሕግ የተማሩ ወጣቶች አሉ። በአንድ ገጽ ላይ ሚዛናዊ የሆነ የውል አብነት አዘጋጅተው ኢማሙና የመስጊዱ ኮሚቴ እንዲያዩት ያድርጉ፤ ከጁሙዓ ሰላት በኋላም ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ያስረዱ። ፈራሚ ሁሉ ያልተሞላ ወረቀት ላይ እንዳይፈርም፣ ምስክር ሁሉ ያላነበበውንና እውነት መሆኑን ያላረጋገጠውን ነገር እንዳይመሰክር ይወሰን። ኪራይ የከፈለ ደረሰኙን፣ የተቀበለም መዝገቡን ይያዝ። ጠብ ሲነሳ ወደ ፍርድ ቤት ከመሮጥ በፊት በሁለቱ ወገን የሚታመኑ ሽማግሌዎች ሱልህ ያድርጉ፤ እርቅ መልካም መሆኑን አላህ በሱረቱ ኒሳእ 128ኛው አንቀጽ ተናግሯልና። ሱልሁ ካልሆነ መብትን በሕግ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አከራዩም ኪራይ ሲተምን አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ። የእኔ ልጅ በሌላ ከተማ ከመናኸሪያ ወርዶ ቤት ቢፈልግ ይህን ወረቀት እንዲፈርም እፈቅድለት ነበር? ለወንድሙ ለራሱ የሚወደውን እስኪወድ ድረስ አንዳችንም አምነናል ማለት እንደማንችል የነቢያችን ትምህርት አይደለምን? ተከራዩም በበኩሉ ይጠይቅ። ይህ ቤት የእናቴ ቢሆን እንዲህ አድርጌ እይዘው ነበር?

በሐዲሰል ቁድሲ አላህ በትንሣኤ ቀን ሦስት ሰዎችን ተከራካሪ ሆኖ እንደሚቀርብባቸው ተገልጿል። ከእነርሱ አንዱ በአላህ ስም ቃል ሰጥቶ የካደ ነው። በወረዳው ተመዝግቦ ማኅተም ያለበት ውል አንድ ቀን ዘመኑ ያልቃል፤ ቤቱም አንድ ቀን ይፈርሳል ወይም ለወራሽ ይተላለፋል። የፈረምንበት ቃል ግን መዝገቡ ሌላ ዘንድ ተቀምጧል።

አላህ (ሱ.ወ) ቃላቸውን ከሚሞሉት ያድርገን። ቤት ያለውን ለጋስ፣ ቤት የሌለውን ታማኝ ያድርግልን። ለተጨነቀው መጠለያ ይስጥልን፤ ሁላችንንም ኪራይ በማይከፈልበት፣ ልቀቅ በማይባልበት በጀነት ቤት ያኑረን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።
ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።